ማዮኔዙን የከለከለችው ሴት፦ የኤልሳ ስኪያፓሬሊ ሕይወት

ጃንዋሪ 2023 ላይ ዘፋኟ ዶጃ ካት ከራሷ እስከ እግሯ ቀይ ተቀብታ፣ ቆዳዋ ላይ 30,000 ቀያይ ክሪስታል ተለጥፎባት ፓሪስ የፋሽን ትርዒት ላይ ብቅ ያለችበት ፎቶ ያልደረሰው ስልክ የለም። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተደመመ፣ ሁሉም ግን ሼር አደረገ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌዲ ጋጋ በጆ ባይደን በዓለ ሲመት ላይ ስትዘምር ደረቷ ላይ ክንፏን የዘረጋች ትልቅ የወርቅ ቀለም ርግብ ነበረች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ሁለቱም ከአንድ ቤት ነው የወጡት፤ ከስኪያፓሬሊ። ብዙዎቻችን ስሙ የብራንድ ብቻ ይመስለናል። ሰው ናት እኮ። ከሞተች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። በዘመኗ የፓሪስ ሠዓሊዎችን ሥራ ከሸራና ከወረቀት አውርዳ ሴቶች ትከሻ ላይ ያስቀመጠች፣ በዚያም ስሟ የገነነ፣ በመጨረሻም ቤቷን ዘግታ የወጣች ሴት ናት። ዛሬ የሷን ታሪክ ይዘን መጥተናል።

ኤልሳ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1890 ሮም ውስጥ ኮርሲኒ በሚባለው ቤተ መንግሥት ተወለደች። ንጉሣዊ ቤተሰብ ሆና አይደለም። አባቷ ቸሌስቲኖ የዐረብኛ ቋንቋ ሊቅ ነበሩ፤ እዚያው ግቢ ያለውን ቤተ መጻሕፍት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አጎቷ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ደግሞ ማርስ ላይ ቦይ የሚመስሉ መስመሮች አየሁ ብለው ዓለምን ያነጋገሩት የሥነ ፈለክ ሊቅ ናቸው። ሌላው ዘመዷ ኤርኔስቶ በ1904 የግብጿን ንግሥት የኔፈርታሪን መቃብር ያገኘ ሰው ነው። በአጭሩ ከሊቃውንት ቤት ነው የበቀለችው።

ቤት ውስጥ ግን የምትሰማው ሌላ ነበር። እህቷ ቆንጆ፣ እሷ አስቀያሚ። ይህን ደጋግመው ይነግሯት እንደነበር ራሷ በግለ ታሪኳ ጽፋለች። ልጅቷ ታዲያ ምን አደረገች? ከአትክልተኛው የአበባ ዘር ተቀበለችና አፏ፣ ጆሮዋ ውስጥ፣ ጉሮሮዋ ድረስ ከተተችው። ፊቷ ላይ አበባ ቢበቅል ከሰው ሁሉ ትለያለች ብላ ነው። አበባው አልበቀለም፤ ልታፈን ደርሳ ሐኪም ተጠራ።

አጎቷ ግን ሌላ ነገር አዩባት። ጉንጯ ላይ፣ እኛ ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ነጠብጣብ ነበራት። እሳቸው ነጠብጣቦቹን ቆጥረው፣ በሰሜን ሰማይ ላይ የሚታየውን ጭልፋ የሚመስል የከዋክብት ስብስብ ይመስላሉ አሏት። ይህቺን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳቻትም። ኋላ ስሟ ሲገንን ያንኑ የከዋክብት ቅርጽ ጌጥ አድርጋ ልብሷ ላይ ትሰካው ነበር። አስቀያሚ የተባለው ፊት ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

በ1911 የግጥም መጽሐፍ አሳተመች። ግጥሙ ለዘመኑ ድፍረት የበዛበት ስለነበር ቤተሰቡ ተናደደ፤ ስዊዘርላንድ ወዳለ ገዳም ላካት። እዚያ ምግብ አልበላም ብላ አደመችና አባቷ አወጧት። ከዚያ ለንደን ሄደች። አንድ ቀን ስለ ነፍስና ስለ ረቂቅ ነገሮች የሚሰብክ ሰው ንግግር አዳመጠች፣ ወዲያው ተዋደዱ፣ በ1914 ተጋቡ። ሰውየው በአፉ እንጂ በሥራው የሚያኖር አልነበረም። በ1916 ኒው ዮርክ ገቡ፤ በ1920 ሴት ልጅ ወለደች፤ ባልየውም ጥሏት ሄደ። ልጅቷ ደግሞ ፖሊዮ ያዛት።

ልብ በሉ እንግዲህ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ የታመመች ሕፃን ይዛ፣ ባል የላት፣ ሙያ የላት፣ ገንዘብ የላት። የነበራት አንድ ነገር ወዳጅ ነው። ወደ አሜሪካ በሚሄደው መርከብ ላይ የሠዓሊው የፍራንሲስ ፒካቢያ ሚስት ከነበረችው ከጋብርኤል ጋር ተዋውቃ ነበር። በሷ በኩል ማርሴል ዱሻምፕን፣ ፎቶ አንሺውን ማን ሬይን አወቀች። በ1922 ፓሪስ ስትገባም የገባችው ወደነዚህ ሰዎች መንደር ነው። ሌሎች ዲዛይነሮች ከስፌት ቤት ሲጀምሩ እሷ ከሠዓሊ ጠረጴዛ ጀመረች። መቁረጥና መስፋት ተምራ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሀብታም ጓደኛዋ ጋር የታወቀው ልብስ ሠሪ ፖል ፕዋሬ ቤት ሄደች። ለመግዛት አይደለም፣ ለማጀብ ነው። አንድ ካፖርት ለበሰችና አማረባት፤ መግዣ እንደሌላት ተናገረች። ፕዋሬ ካፖርቱን በነጻ ሰጣት፤ በዚህ ሙያ እንድትገፋም አበረታታት። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ሲያጋጥም ሕይወት ይቀየራል።

በ1927 የሆነው ነገር ነው እሷን እሷ ያደረጋት። አንዲት የምታውቃት ሴት ለየት ያለ አሠራር ያለው ሹራብ ለብሳ አየች። ማን እንደሠራው ጠየቀች፤ ፓሪስ የምትኖር አሩሲያግ ሚካኤሊያን የምትባል አርመናዊት ናት ተባለች። ሄዳ አገኘቻት። ወረቀት ላይ ልክ ሕፃን ልጅ እንደሚስለው አድርጋ አንገት ላይ የታሰረ ትልቅ የሪባን ቋጠሮ ሣለችና ይሄን ልትሠሪልኝ ትችያለሽ ወይ አለቻት። የሪባን ቋጠሮ አስሪበት ማለቷ አይደለም። ቋጠሮው በጥቁሩ ሹራብ ውስጥ በነጭ ክር ተሠርቶ፣ ከሩቅ ሲያዩት እውነተኛ እንዲመስል ነው የፈለገችው። ዓይን የሚያታልል ሥዕል፣ በክር።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። ያንን ለብሳ ምሳ ግብዣ ሄደች፤ ሴቶቹ ከበቧት። የአንድ የአሜሪካ ሱቅ ተወካይ በሁለት ሳምንት ውስጥ 40 ሹራብ ከ40 ጉርድ ጋር አዘዘ። አርመኖቹ ሠራተኞች ተጠራርተው ደረሱላት። ቮግ መጽሔት አወደሰው። ያ ሹራብ ዛሬ ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ታሪኩ ሲነገር ኤልሳ ብቻ ናት የምትጠራው። ሹራቡን ግን ያለሚካኤሊያን ጣት ማሰብ አይቻልም። ነጩን ክር ከጥቁሩ ጀርባ እያሳለፈች የምትሠራበት ዘዴ ነው ሥዕሉን ጠንካራ ያደረገው፤ ሹራቡም እንደ ሌሎቹ አይለጠጥም፣ ቅርጹ አይበላሽም። ኤልሳ ሐሳቡን አመጣች፣ አርመናዊቷ ሐሳቡ ልብስ የሚሆንበትን መንገድ አመጣች። በኋላ ከዳሊ ጋር ስትሠራም ነገሩ ከዚህ አልራቀም፤ ሦስተኛ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1931 የቴኒስ ተጫዋቿ ሊሊ ደ አልቫሬዝ ዊምብልደን ላይ ኤልሳ የሠራችላትን እንደ ሱሪ የተከፈለ ጉርድ ለብሳ ስትጫወት አገር ተንጫጫ። ኦገስት 1934 ታይም መጽሔት ፊቷን ሽፋኑ ላይ አወጣው፤ ከሴት ልብስ ዲዛይነሮች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በ1935 ፕላስ ቫንዶም በሚባለው የፓሪስ አደባባይ 21 ቁጥር ላይ ቤቷን ከፈተች። ሌላው የሚደብቀውን ዚፕ እሷ አውጥታ ቀለም እየሰጠች ጌጥ አደረገችው። ስለሷ የተጻፉ የጋዜጣ ቁርጥራጮችን ሰብስባ ጨርቅ ላይ አሳተመች። ጋዜጣ የታተመበት ልብስ ዘንድሮ የተፈጠረ የሚመስለን ካለን፣ እሷ ቀድማናለች።

ከሳልቫዶር ዳሊ ጋር መሥራት የጀመሩት በ1936 አካባቢ ነው። ዳሊ ስፔናዊ ቢሆንም ያኔ የፓሪስ ሰው ነው፤ ሰው ገላ ላይ የጠረጴዛ መሳቢያ እየሣለ ያስገርም ነበር። ኤልሳ ያንን ወስዳ ኪሶቹ መሳቢያ የሚመስሉ ኮት ሠራች፤ እጀታ ሳይቀር አላቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ ኪስ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የውሸት። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው የለበሰው ብቻ ነው። ጫማ የሚመስል ባርኔጣም አለ፤ መነሻው ዳሊ የሚስቱን ጫማ ራሱ ላይ ደፍቶ የተነሳው ፎቶ ነው። አድርገው ለመውጣት የደፈሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው። እውነት ለመናገር እኛም አንደፍርም።

ወደ ዋናዋ ቀሚስ እንምጣ። 1937 ነው። ነጭ ስስ ሐር፣ ኦርጋንዛ የሚባለው። ወገቡ ላይ እንደ መቀነት ቀይ ጨርቅ ገብቶበታል። ላይ ላዩን ስታዩት ለሙሽራ የሚሆን ንጹሕ የበጋ የራት ቀሚስ ነው። ከዚያ ዓይናችሁ ወደ ጉርዱ ሲወርድ አንድ ግዙፍ ቀይ ሎብስተር ተጋድሞ ታገኛላችሁ። ሎብስተር የሸርጣን ዘመድ ነው፤ ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫ አለው፣ ሲቀቀል ነው እንዲህ የሚቀላው፣ ፈረንጆች በውድ ዋጋ ይበሉታል። ዙሪያውን የፓርስሊ ቅጠል ተበትኗል፤ ሳህን ላይ የቀረበ ነው የሚመስለው።

ሎብስተሩን የሣለው ዳሊ ነው። ሥዕሉን ሐር ላይ እንዲታተም ያደረገው ሳሽ የሚባለው የሐር ንድፍ ባለሙያ ነው። ለዳሊ ሎብስተር የባሕር እንስሳ ብቻ አልነበረም፤ የምኞትና የወሲብ ምልክቱ ነው። ስልክ ላይ ሎብስተር ያጋደመበት የታወቀ ሥራውም የዚያው ዘመን ነው። እንግዲህ ይሄ ነገር ከጉርዱ ፊት ለፊት፣ ከወገብ በታች መቀመጡ በአጋጣሚ አይደለም። ነጩ ቀሚስ ንጽሕናን ይናገራል፣ ሎብስተሩ ያፈርሰዋል። ሥዕሉ ሸራ ላይ ቢቀር ይሄ ቀልድ አይሠራም ነበር። የሰው ገላ ያስፈልገዋል፤ የሚሄድ፣ የሚቀመጥ፣ ጨርቁን የሚያውለበልብ ገላ።

ይተረካል እንግዲህ፣ ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ዳሊ አንድ ነገር ቀረው አለ፤ እውነተኛ ማዮኔዝ ይቀባበት። ኤልሳ እምቢ አለች።

በኛ አስተያየት የዚህች ሴት ሙያ ከየትኛውም ቀሚስ ይልቅ እዚህች እምቢታ ላይ ይታያል። ለሠዓሊው ሥራው በመጨረሻው ድፍረት ነው የሚያልቀው። ለሷ ግን ልብሱን የምትለብስ ሴት አለች፤ መኪና ውስጥ የምትገባ፣ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ የምትጨፍር። ማዮኔዝ የተቀባ ቀሚስ ሥዕል ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ልብስ ግን አይሆንም። አገራችንም ውስጥ የሠዓሊ ሥራ ቲሸርትና ቀሚስ ላይ ታትሞ ብዙ እናያለን፤ አብዛኛው ሥዕሉ እንዳለ ተገልብጦ ደረት ላይ የተለጠፈ ነው። ኤልሳ ግን ሥዕሉ የት ይቀመጥ፣ ገላ ሲንቀሳቀስ ምን ይሁን፣ ከሠዓሊው ሐሳብ የቱ ይቅር ብላ ትጨነቅ ነበር።

ቀሚሱን ማን ለበሰው ብትሉ፣ ዋሊስ ሲምፕሰን። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ጥሎላት የወረደው አሜሪካዊት። ከሠርጓ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ካንዴ በሚባለው ቤተ መንግሥት ግቢ ሴሲል ቢተን ፎቶ አነሳት፤ ፎቶው ቮግ ላይ ወጣ። ሐሳቡ ሕዝብ የጠላት ሴት ረጋ ያለች፣ ጨዋ ሙሽራ ሆና እንድትታይ ነበር። እሷ ግን የዳሊን ሎብስተር ጉርዷ ላይ አጋድማ ቆመች። ከዚያ በኋላ ቀሚሱን ማን ይርሳው!

ሌላው ሠዓሊ ዣን ኮክቶ ነው። በርግጥ ገጣሚም፣ ፊልም ሠሪም ነው፤ ሥዕሉ ግን በአንድ መስመር የሚፈስ፣ ቀላል የሚመስል ነው። በ1937 ለኤልሳ የሠራው ንድፍ አንድ ጥቁር ሰማያዊ የምሽት ካፖርት ጀርባ ላይ ሄደ። ስታዩት ሁለት ፊቶች በጎን ተፋጠው ሊሳሳሙ የደረሱ ይመስላሉ። ትንሽ ቆም ብላችሁ ስታዩት ደግሞ በሁለቱ ፊቶች መሃል ያለው ክፍት ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ከላዩ ጽጌረዳዎች ሞልተውበታል። ጀርባ ላይ መሆኑን አትርሱ። ሴትየዋ አልፋችሁ ከሄደች በኋላ ነው የምታዩት።

አሁን ይህን በመርፌና በክር ሥሩት ብትባሉስ? የኮክቶ መስመር አንድ ጊዜ እጁን ሰንዝሮ የሚጨርሰው ነው። ጥልፍ ግን ያው እንደምታውቁት በነጥብ በነጥብ ነው የሚሄድ፤ መርፌው በገባ በወጣ ቁጥር መስመሩ ሊሰበር ይችላል። ይህን የወጡት የሌሳዥ ጥልፍ ቤት ባለሙያዎች ናቸው። መስመሩ ሳይንቀጠቀጥ፣ በወርቅ ክርና በሐር፣ ጽጌረዳዎቹን ደግሞ ከጨርቅ ሠርተው ብቅ ብቅ አድርገው አወጡት። ለሌላ የበፍታ ጃኬት ደግሞ ኮክቶ የሣላት ሴት ወርቃማ ፀጉር በእጅጌው ላይ ቁልቁል እንዲፈስ አድርገውታል። ክንድ ሲነሳ ፀጉሩ አብሮ ይነሳል።

በነገራችን ላይ ሌሳዥ እስካሁን አለ። ከ2002 ጀምሮ ግን ባለቤቱ ሻኔል ነው። ኤልሳ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር ብለን ማሰባችን አልቀረም፤ ምክንያቱም ኮኮ ሻኔልና እሷ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሻኔል ስሟን እንኳ መጥራት አትፈልግም፤ ልብስ የምትሠራው ጣሊያናዊት ሠዓሊ እያለች ታቃልላት ነበር ይባላል። ስድብ መሆኑ ነው። አንድ የጭምብል ድግስ ላይም ዛፍ መስላ የመጣችውን ኤልሳን ሻኔል እያስጨፈረች ሻማ ወዳለበት ወስዳ ልብሷን እሳት እንዳስያዘቻት ይወራል። ፀባቸው ግን የሴቶች ቅናት ብቻ አልነበረም። ሻኔል ልብስ የሰውን ገላ ማገልገል አለበት፣ ቀላልና ምቹ ይሁን ትላለች። ኤልሳ ደግሞ ልብስ የሚናገር ነገር ሊኖረው ይገባል ባይ ናት። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በዚያው በ1937 ሾኪንግ የተባለውን ሽቶ አወጣች። ጠርሙሱን ሠዓሊዋ ሊዮኖር ፊኒ በተዋናይቷ ሜይ ዌስት ገላ ቅርጽ ነደፈችው። ከሱ ጋር የመጣው ደማቅ ሮዝ ቀለም የሷ መለያ ሆኖ ቀረ።

ፌብሩዋሪ 1938 የሰርከስ ትርዒቷ መጣ። ቁልፎቹ ሳይቀሩ አክሮባት የሚሠሩ ሰዎች ቅርጽ ያላቸው፣ ሳቅና ጨዋታ የሞላበት ነው። በመሃሉ ግን ሁለት ሳቅ የሌላቸው ልብሶች ነበሩ። አንደኛው ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ጨርቁ በድርብ ተሰፍቶ፣ በመሃሉ ጥጥ እየተጠቀጠቀ የጎድን አጥንትና አከርካሪ ወጣበት። የለበሰችው ሴት አጥንቷ ከውጭ ነው። ሁለተኛው የተቀደደው ቀሚስ ነው። ዳሊ የተቀዳደደ ልብስ የለበሰች ሴት የሣለበት የ1936 ሥዕል ነበረው፤ ሥዕሉ ኤልሳ እጅ ነበር። ቀሚሱ ላይ ቅዱ የታተመ ነው፤ ቆዳ ተገሽልጦ ውስጡ የሚታይ ይመስላል እንጂ ጨርቁ ደህና ነው። እንደ ነጠላ ከራስ ላይ በሚወርደው ስስ መሸፈኛ ላይ ግን ቅዶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ተቆርጠው ተንጠልጥለዋል። የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ ዓይን ግራ ይጋባል።

ያን ጊዜ የዳሊ አገር ስፔን በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ነበር። ፓሪስ ላይ ግን ገና ይጨፈራል። ብዙዎች ይህን ቀሚስ መጪውን ያየ ልብስ አድርገው ያነቡታል። እኛ ትንቢት ነው አንልም፤ ለእራት ግብዣ የተቀደደ ልብስ የምታስለብስ ሴት ግን የሆነ ነገር ሸቷት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ደረሰ።

የጦርነቱን ዓመታት አብዛኛውን በአሜሪካ አሳለፈች። በ1945 ስትመለስ ቤቷ አለ፣ ፓሪስ ግን ሌላ ከተማ ሆናለች። በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ የሰፋ ልብስ ይዞ መጣና ሁሉም ወደሱ ዞረ። ሴቶቹ ከመከራ ዓመታት ወጥተው ማማር ነው የፈለጉት፤ የሎብስተርና የአጥንት ቀልድ የሚያስቃቸው አልነበረም። ወጣቱ ሁበርት ደ ዢቫንሺ ለጥቂት ዓመታት እሷ ጋ ሠርቶ የራሱን ቤት ሊከፍት ወጣ። ዕዳ ተከመረ። በ1954 ኤልሳ ልብስ ቤቷን ዘጋች፤ በዚያው ዓመት ሻኔል ተመልሳ ከፈተች። ግለ ታሪኳ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ለጠላትም አይስጥ።

ቀሪ ዕድሜዋን በሽቶው ገቢና በልጅ ልጆቿ አሳለፈች። ከልጅ ልጆቿ አንዷ ማሪሳ ቤሬንሰን የታወቀች ሞዴልና ተዋናይት ሆነች። ሌላዋ ፎቶ አንሺዋ ቤሪ ቤሬንሰን ናት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የኒው ዮርኩን ሕንጻ ከመታው አውሮፕላን ውስጥ ነበረች።

በ1969 ኤልሳ ሣጥኖቿን ከፍታ የቀሯትን ልብሶች ለፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በስጦታ ሰጠች። ኖቬምበር 13 ቀን 1973 ፓሪስ ውስጥ አረፈች። ቤቷ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በአዲስ ባለቤት ተከፍቶ፣ ከ2019 ጀምሮ ዳንኤል ሮዝቤሪ የሚባል የቴክሳስ ልጅ ይመራዋል። የዶጃ ካትና የሌዲ ጋጋ ልብሶች የሱ ሥራ ናቸው።

ለፊላደልፊያ ከሰጠቻቸው ልብሶች መሃል የሎብስተሩ ቀሚስ አለ። ሐሩ ስስ ነው። ሎብስተሩ አሁንም ቀይ ነው፣ ፓርስሊውም ዙሪያውን እንደተበተነ ነው። ማዮኔዝ የለበትም።